ሐምሌ ላይ የታጠበ ልብስ

ከሶዶ የወጣሁት እርጥብ ሱሪ ለብሼ ነው። ስለ ስደታቸው የሚጽፉ ሰዎች ከበረሃው፣ ከደላላው ወይም ከእስር ቤቱ ይጀምራሉ። እኔ ከሱሪዬ እጀምራለሁ፤ የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰብኝ ልብስ በማድረቅ ነውና። መሳቅ የሚፈልግ እስከ መጨረሻው አንብቦኝ ይሳቅ።

እማዬ በኦቶና መንገድ ላሉ አልጋ ቤቶች አንሶላ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ረዳቷ ሆንኩ። ውኃ እቀዳለሁ፣ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ይዤ አብሬያት እጠመዝዛለሁ፣ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ የሳሙና ካርቶን ቀድጄ ግጥም እጽፍበታለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ጻፍልኝ ብሎ የለመነኝም የለም። አንድ ቀን ሥራ ፍለጋ ቀበሌ ስሄድ ወጣት የሚያደራጀው ሰውዬ እጄ ላይ ያለውን ካርቶን ተቀብሎ አነበበና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

“ገጣሚ ነህ?”

“እሞክራለሁ ጋሼ።”

“ጥሩ ነው። ኮብልስቶንም እንደ ግጥም ነው፤ እየለካህ ትጠርባለህ፣ እየገጠምክ ትደረድራለህ። ተደራጅ!”

ተደራጀሁ። መንገዱ አለቀ፣ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ሊቀመንበራችን ሞተር ሳይክል ገዛ። እኔ በጠረብኩት ድንጋይ ላይ የሰው ባጃጅ ሲመላለስ እያየሁ አንድ ዓመት ቁጭ አልኩ። ከዚያ አጎቴ በሬውን ሸጠ፤ ደቡብ አፍሪካ የሚያደርስ ደላላም ተገኘ።

የሄድኩ ዕለት ሐምሌ ነበር፤ ዳሞታ ተራራ ደመናውን ከለበሰ አራተኛ ቀኑ። ሶዶ ውስጥ ልብስ የሚያጥብ ሰው የአየር ጠባይ በሬዲዮ አይሰማም፤ ቀና ብሎ ዳሞታን ያያል። ተራራው ከተሸፈነ ውጭ ማስጣት የለም። እማዬ ለእንዲህ ያለው ቀን የራሷ ዘዴ አላት። ከሰሉን ደጅ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ታቀጣጥላለች። ጥቁሩ አልቆ እስኪቀላ፣ ላዩም አመድ እስኪለብስ ትጠብቃለች፤ ጥሬ ከሰል ራስ ይመታል። ከዚያ ማንደጃውን ወደ ቤት ታስገባና ትልቁን ቅርጫት ትደፋበታለች። እርጥቡን ልብስ በተደፋው ቅርጫት ላይ ትዘረጋዋለች፤ እያገላበጠች ታደርቀዋለች። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ዙሪያውን እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ብርዱ የሚገባው በዚያ ስለሆነ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ክፍተት ስትረግም ኖራለች። “ሙቀቴን ሰማይ በላው” ትላለች።

ሲመሽ ትመጣለች የተባለችው አይሱዙ በአሥራ አንድ ሰዓት መጥታ ጡሩምባዋን ነፋች። ያለችኝ አንድ ደህና ሱሪ ቅርጫቱ ላይ ናት።

“ትንሽ ይቆይ በለው፤ ወገቡ ገና ነው።”

“እማዬ፣ መኪና ለሱሪ አይቆምም።”

“እርጥብ ለብሰህ ከቤቴ ልትወጣ? ያጣቢ ልጅ እኮ ነህ! ሰው ምን ይለኛል?”

ሞትን አላነሳችም፣ ባሕርን አላነሳችም፣ ተመለስልኝም አላለችኝ። ሱሪውን ከቅርጫቱ ገፍፋ ሰጠችኝ። ከጉልበቴ በታች እንደ ሕፃን ገላ ትኩስ፣ ወገቤ ላይ ግን በረዶ ነበር። አርባ ምንጭን በጨለማ አለፍን፤ ኮንሶ ስንደርስ ሱሪው ላዬ ላይ ደረቀ።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት ደግሞ ነግረነውም አልሰማ። ኬንያን በጭነት ሥር፣ ታንዛኒያን በእስር ቤት፣ ማላዊን በእግሬ አየሁ። ሱሪዋ ሞዛምቢክ ላይ አለቀች። ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ኬፕታውን ገባሁ። ያ አገር ፀሐይ የማይጠፋበት መስሎኝ ነበር። ከመኪና ስወርድ ተራራ አየሁ፤ ተራራው ደመና ለብሷል፤ ዝናቡ ደግሞ ከላይ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ከጎን ይገርፋል። ክረምታቸው በሰኔና በሐምሌ ነው ለካ፣ ልክ እንደኛው! ያን ሳምንት ይህን ጻፍኩ፦

ከሐምሌ ሸሽቼ ባቋርጥ ድንበሩን፣
ሐምሌ ቀድሞኝ ደርሶ ከፈተልኝ በሩን።

አብሮኝ የሚኖረው ዳና አስነብቦኝ አዳመጠና፣ “ጥሩ ነው የሶዶ ልጅ” አለኝ። “ካልሲ ግን አያደርቅም።”

ዳና የቦምቤ ሰው ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ትቶ የመጣው ማሳው ላይ የነበረውን ዝንጅብል በሽታ ከመታው በኋላ ነው። ወላይትኛና አማርኛ እየቀላቀለ ያወራል፤ አማርኛ ሲያወራ ሴቱም ወንዱም “መጣ” ነው። ሁለታችንም የምንሠራው ሎኬሽን ነው፤ ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክሞ በድሆች ሰፈር ከቤት ቤት እየዞሩ መሸጥ። ሰፈርተኛው ስማችንን አያውቅም፣ “ማይ ፍሬንድ” ነው የሚለን። የዘረፈንም ሰው “ማይ ፍሬንድ፣ ስልክህን አምጣ” ነበር ያለን። እናቴ አንሶላ አጥባ አሳደገችኝ፤ እኔ አንሶላ ተሸክሜ ዝናብ ላይ እዞራለሁ። ቤት ስንገባ የለበስነውም የተሸከምነውም ውኃ ያንጠባጥባል።

የተከራየናት ክፍል ከአከራያችን ከማማ ኖማ ግቢ ጀርባ ያለች የብሎኬት ክፍል ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ በር። መብራቱ የሚመጣው ከእሷ ሳሎን በመስኮት ወጥቶ ግቢውን በሚያቋርጥ አንድ ገመድ ነው። ቆጣሪው የካርድ ስለሆነ ካርዱ ሲያልቅ ጥፋቱ ሁልጊዜ የእኛ ነው። ስለዚህ እንቆጥባለን። ውኃ በቀን አንድ ጊዜ አፍልተን በፔርሙዝ እናስቀምጣለን። ባቄላ ለሦስት ቀን አንድ ላይ እንቀቅላለን፤ ዳና በላዩ ላይ ከሚስቱ የተላከችለትን ዳጣ በማንኪያ ጫፍ ያደርግና “ማሞቂያ ይሄ ነው” ይላል፣ እያቃጠለው። ብርድ እንዳይገባ የመስኮቱን ዳር በፌስታል ወትፈነዋል። ልብሳችንን ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሲባጎ ላይ አስጥተን በሥሩ ጎንበስ እያልን እንሄዳለን። ልብሱ በአራተኛው ቀን ይደርቃል፤ ከደረቀም በኋላ እምክ እምክ ይላል። ጥጉ ላይ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። ዳና በጣቱ እያሳየ “ይቺ ሶዶ ነው፣ ይቺ ቦዲቲ፣ ይቺ ሰፊው ቦምቤ” ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዳና በመስኮቱ አየና “ማማ መጣ!” አለ። ማማ ኖማ ገባች፤ እርጥብ ሸሚዝ ፊቷን መታት።

“ይሄ ምንድነው?” አለች ሻጋታውን እያሳየች።

“ዝናቡ ነው ማማ” አልኩ በተማርኳት እንግሊዝኛ።

“ዝናብ እኔም ቤት ይዘንባል። ይሄ ሻጋታ የእናንተ ነው። ቤት ውስጥ ማስጣት ክልክል ነው ብያለሁ።”

“ውጭ ስናሰጣ ይሰረቃል።”

“እንግዲያው አትጠቡ።”

“ካላጠብን ትሸታላችሁ ትሉናላችሁ።”

“እሱንማ አሁንም እላለሁ” አለችና ከልብሱ ሥር ያስቀመጥናትን አሮጌ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በእግሯ ነካች። “ይህንንም ሁለተኛ ተሰክቶ ካየሁ ገመዱን እነቅላለሁ።”

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓርብ የዳና ወረቀት የሚታደስበት ቀን ደረሰ። ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ የስደተኛ ወረቀት ማለት አንድ ተራ ገጽ ናት። ፎቶህና ማኅተም አለባት፤ በየጥቂት ወሩ ትታደሳለች። እሷ ከሌለችህ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞህ በመኪና ጭኖ ወደ መጣህበት ይመልስሃል። የዳና ቀን የሚያልፈው ሰኞ ነበር። በሌሊት ሄደን ተሰለፍን፤ እኔ አስተርጓሚው ነኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘነበብን። ዳና ወረቀቷን ጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ደብቋት ነበር፤ መስኮቱ ጋ ደርሰን ሲያወጣት እንደ ራሰ እንጀራ እጁ ላይ ተልፈሰፈሰች።

ጸሐፊው ዳናን ከፀጉሩ እስከ ጫማው አየው። “ከኢትዮጵያ ድረስ ዋኝተህ ነው የመጣኸው?”

“ምን አለ?” አለኝ ዳና።

“ርሰሃል አለ።”

“እና ውሸቱን ነው?”

ጸሐፊው ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ጫፍ መለሰልን። “እርጥብ ወረቀት ላይ ማኅተም አልመታም። አድርቃችሁ ሰኞ አምጡት። ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነ ግን አትልፉ።”

መንገድ ላይ ዳና እኔን ያጽናናኝ ነበር። “አትፍራ፣ እኔ ዝንጅብል ሳደርቅ ያደግኩ ሰው ነኝ። ወረቀት ያቅተኛል?” ወረቀቷን በልብስ መቆንጠጫ ሲባጎው ላይ፣ በሁለት ካልሲዎች መካከል ሰቀላት። ቅዳሜም ዘነበ። ቤቱ ራሱ እርጥብ ስለነበር ወረቀቷ ከመድረቅ ይልቅ ዳርና ዳሯ መሟሟት፣ ማኅተሙም ወደ ፎቶው መስፋፋት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ እማዬ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

“እዚያ አገር ከሰል የለም?” አለችኝ።

“አለ፤ ብራይ እያሉ ሥጋ ይጠብሱበታል።”

“ታዲያ ምን ቸገረህ? ቅርጫት ፈልግ። ዘዴውን ታውቀው የለ! ደጅ ይቅላ፣ ጥሬውን እንዳታስገባው፣ አደራ።”

“እሺ እማዬ።”

“ያንተን ሱሪ ሳላደርስልህ ቀረሁ” አለች። “የእሱን አድርስለት።”

እሑድ ጠዋት ማማ ኖማ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት በመስኮት ስታየን ማሞቂያው ተሰክቶ ነበር። ገመዱን ነቅላ፣ ጠቅልላ፣ ሳሎኗ ውስጥ ቆልፋበት ሄደች። እኔ ከነዳጅ ማደያው አንድ ከረጢት ከሰል ገዛሁ። የቀለም ቆርቆሮ በሚስማር በሳስቼ ማንደጃ አደረግሁት። ሱፐርማርኬት የጣለው የሽቦ ቅርጫት አገኘሁ። ከሰሉን ደጅ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አቀጣጠልኩ፤ ጥቁሩ እስኪያልቅ፣ አመድ እስኪለብስ ቆሜ ጠበቅኩ። እማዬ እንዳስተማረችኝ አንዲት ሳትቀር አደረግሁ። አስገባሁት፣ ቅርጫቱን ደፋሁበት፣ የዳናን ሱሪና ጃኬት ዘረጋሁበት። ወረቀቷን ሙቀቱ እንዲደርሳት ሲባጎውን ዝቅ አደረግሁላት። ዳና የሚለብሰው ስላልነበረው ለሽያጭ ካመጣነው ብርድ ልብስ አንዱን ተጠቅልሎ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

“አሁን ቦምቤ መሰለ” አለ፣ እጁን እያሞቀ። “አንተ ሂድ ሽጥ፣ እሑድ ሰው ቤቱ ነው። እኔ አገላብጣለሁ።”

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ከራሴ ጨመርኩ። በበሩ ሥር ብርድ ይገባ ነበር። አሮጌ አንሶላ ጠቀለልኩና “ስወጣ በዚህ ወትፈው፣ ሙቀቱን ሰማይ እንዳይበላው” አልኩት። ሲወትፈው ከውጭ ሰማሁት።

ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር። በሩን ስገፋው በአንሶላው ምክንያት ከበደኝ። ውስጡ ይሞቃል፤ ያ ክፍል እንደዚያ ሞቆ አያውቅም። ሱሪው ደርቆ ነበር። ጃኬቱም፣ እስከ ኪሱ ስፌት ድረስ። አጣጥፎ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሯቸዋል። ወረቀቷ ሲባጎው ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ፎቶውም ማኅተሙም ይነበባል። ዳና በጎኑ ተኝቷል፤ ጉንጩ ቀልቶ እሳት የሞቀው ሰው ይመስላል።

“ዳና፣ ደርቋል እኮ!” አልኩት። ሁለት ጊዜ አልኩት።

ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው መስኮቱን በክርኑ ከፈተና ፌስታሉን ከዳሩ እየነቀለ አስረዳኝ። ከሰል ቀልቶም ይገድላል፤ የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን የማይታይና የማይሸት ነገር ነው፤ መውጫ ካጣ ቤቱን ይሞላዋል፣ ሰውን መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ ያስተኛዋል። እየሰማሁት የማስበው የሶዶን ቤታችንን ነበር። እማዬ መስኮት ክፈት ብላኝ አታውቅም፤ ማለት አያስፈልጋትም ነበር። እኛን ስንት ክረምት ያኖረን ያ የረገመችው ክፍተት ነው። ሌላው ፖሊስ ወረቀቷን ከመቆንጠጫው አላቀቀና ስሙን ወደ መዝገቡ ገለበጠ። እርጥብ ነው አላለም። ወረቀቷን ያለ አንዳች ቃል የተቀበለ የመንግሥት ሠራተኛ ያን ቀን አየሁ።

የአገራችን ሰዎች ተሰበሰቡ፣ አስከሬኑ ወደ ቦምቤ እንዲሄድ አደረጉ። ትልልቆቹ እኔን ለብቻ ጠርተው፣ “በከሰል ሞተ ቢባል ለሚስቱ ሌላ ሐዘን ነው። ብርድ መታው እንበል” አሉኝ። እሺ አልኩ። ለእኔም እንደተመቸኝ አልደብቅም።

እማዬ ለቅሶ ቦምቤ ድረስ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ደወለችልኝ።

“እናቱን አየኋት” አለች። “ብርድ ነው አሉን። ያን ቀን ከሰሉን አላቀጣጠላችሁም እንዴ?”

“አላቀጣጠልንም” አልኩ።

“ይኸው! ነግሬህ አልነበር? ብትሰማኝ ኖሮ ያ ልጅ ይተርፍ ነበር።” ማልቀስ ጀመረች። “በል አንተ እንኳ ተጠንቀቅ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ብርቄም ዘዴውን አሳይቻታለሁ፣ ልጇ ጆሃንስበርግ አይደል?”

የእትዬ ብርቄን ልጅ ስልክ በስንት ሰው በኩል አፈላልጌ አገኘሁና “ከሰል ቤት እንዳታስገባ” አልኩት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ስልኩን ዘጋሁ። ለእናቴ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አልነገርኳትም። እየደወልኩ ስለ ዝናብ አወራታለሁ፣ ልብስህ ይደርቃል ወይ ትለኛለች፣ ይደርቃል እላታለሁ። ግጥም ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም። ከሰል የሚለው ቃል በየስንኙ ይመጣብኛል፤ ምንም ቤት ብመታ እሱ ላይ ያርፋል።

ባለፈው እሑድ እንደገና ሐምሌ ነበር፤ እዚህም፣ እዚያም። ከምሳ በኋላ ደወልኩላት። ድምፅዋ ከወትሮው ዘገም ያለ ነበር።

“ደህና ነሽ እማዬ?”

“ደህና ነኝ። ራሴን ትንሽ ከበደኝ እንጂ። ዳሞታ ከተሸፈነ ሳምንቱ፣ አንሶላው ተከመረብኝ። ይኸው ቅርጫቱ ሥር ቁጭ ብዬ እያገላበጥኩ እንቅልፌ መጣ።” ሳቅ አለች። “አሁንማ ቤቱ እንዴት እንደሚሞቅ ብታይ! ስትመጣ ታየዋለህ ብዬ ደብቄህ ነበር። አጎትህ በላክኸው ብር ያንን ክፍተት ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፈነልኝ፣ ኮርኒስም መታልኝ። ሰማይ ከእንግዲህ ሙቀቴን አይበላትም።”

“እማዬ፣ በሩን ክፈቺ።”

“ምን አልከኝ?”

“ተነሺና በሩን ክፈቺ። አሁኑኑ!”

“ዝናብ ነው እኮ ልጄ። አንሶላው ሊደርቅልኝ ትንሽ ነው የቀረው። ለምን?”

“መጀመሪያ ክፈቺውና እነግርሻለሁ። እማዬ፣ በእግዜር!”

ስልኩን የሆነ ነገር ላይ ስታስቀምጠው ሰማሁ። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። እግሯ መሬቱ ላይ ሲጎተት፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲጎተት ይሰማል። ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ ተንኳኳ፤ የሶዶ ዝናብ በአንድ ጊዜ ስልኩን ሞላው።

“ይኸው ከፈትኩት” አለች ተመልሳ። “በል አሁን ንገረኝ።”